የአሮጌዋ መጋዝ ድምፅ

አንድ ሰው ነበረ፤ አሮጌ የሞተር መጋዝ መጠገን የሚወድ።

አድማሱ፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። እንደ እናት ያሳደገችህን እህትህን ካስቀየምካት ስድስት ዓመት ሆኖሃል። ይቅርታ ልትጠይቃት ትፈልጋለህ። ግን ቤትህን ሠርተህ ሳትጨርስ፣ ሙክት ሳትገዛ፣ ደህና ደህና ሽማግሌዎች ሳታሟላ በባዶ እጅህ ደጇ ላይ መቆሙ ነውር ሆኖ ታየህ። «ዘግይቶ የተሟላ ይሻላል ወይስ ቸኩሎ የጎደለ?» ብለህ ጠየቅከኝ። አፍ አውጥቼ ብመልስልህ እንደ ልማድህ ትከራከረኛለህ፤ ስለዚህ የዚህን ሰውዬ ነገር ልንገርህና ከእሱ ጋር ተከራከር።

ሰውዬው በደን ዳር ባለች ትንሽ ከተማ የሚኖር መካኒክ ነበር። በወጣትነቱ በአንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ድርጅት ውስጥ ሠርቷል። ደኑ ሲያልቅ ድርጅቱ ተዘጋ፤ ግንድ ይጥሉ የነበሩት ትልልቅ የሞተር መጋዞችም ለቁራሌው በኪሎ ተሸጡ። መካኒኩ ታዲያ እነዚያን መጋዞች ከቁራሌው እየተቀበለ ወደ ቤቱ ማጋዝ ጀመረ። ምን እንደሚያደርግባቸው ለማንም አልገባም። የሚቆረጥ ዛፍ የለም። ቢኖርም እሱ ዛፍ ቆርጦ አያውቅም። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ሳቁበት፣ በኋላ ለመዱት። አንዳንዱ ሰው ርግብ ያረባል፣ አንዳንዱ ካርታ ይጫወታል፤ እሱ ደግሞ የሞተ መጋዝ ያስነሣል።

እጁ ግን የተባረከ ነበር፤ ይህን አልነፍገውም። መጋዙን ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ዘርግቶ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ይፈታዋል። እያንዳንዷን ዕቃ በቤንዚን ያጥባል። የሰንሰለቱን ጥርሶች አንድ በአንድ በሞረድ ይስላል። ፒስተኑ ዝጎ ሲሊንደሩ ውስጥ ከተጣበቀ ዘይት እያጠጣ፣ ቀን እየቆጠረ፣ ሳይመታው እስኪለቅ ይጠብቃል። ሲጨርስ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጋዙን ግቢው ውስጥ ያስቀምጥና ቤንዚንና ዘይት ቀላቅሎ ይሞላል፤ ገመዱን ይስባል። ሞተሩ ሲነሣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ ያጠፋዋል፣ ነዳጁን አንጠፍጥፎ ያወጣል፣ በጨርቅ ይወለውለውና መደርደሪያው ላይ ይሰቅለዋል። መጋዙ ከዚያ ወዲያ አንዲት ጭራሮ እንኳ አይቆርጥም።

አንድ ሕግ ነበረው። የአንዱን መጋዝ ዕቃ በሌላው ላይ አይገጥምም። እኛ አገር ከሦስት የሞተ መኪና አንድ የሚሄድ መኪና ይወጣል፤ የሚያፍርበትም የለም። እሱ ግን የራሱ ዕቃ ካልተገኘ ዓመት ይጠብቃል እንጂ የሌላ አይለጥፍም። «ገላው የአንዱ፣ ነፍሱ የሌላው ይሆናል» ይል ነበር። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቁና ይሄዳሉ።

ይህ መካኒክ አንድ ባልንጀራ ነበረው። በዚያው ድርጅት ውስጥ ሃያ ዓመት ዛፍ የቆረጠ፣ ሃያውንም ዓመት በአንዲት ቀይ መጋዝ የሠራ ሰው ነው። ድርጅቱ ሲዘጋ መጋዙን ለቁራሌው አልተዋትም፤ ለምኖ ወሰዳትና አልጋው ሥር አኖራት። አንተ አታውቀው ይሆናል እንጂ፣ የሞተር መጋዝ ከፊት ዛፉን ይበላል፣ ከጎን ደግሞ የያዘውን ሰው ጆሮ። ያኔ የጆሮ መሸፈኛ የሚሰጥ አልነበረም። ቆራጮቹ ጥጥ ይወትፉ ነበር፤ ጥጡም በሥራ ብዛት ይወድቃል። ሁሉም በስተርጅና ሰው ሲያናግራቸው አንገታቸውን አቅንተው አፍ አፍ ማየት ይጀምራሉ።

የቆራጩ ሚስት አስካለ ሞተች። አርባዋ በወጣ ማግስት ሰውዬው ቀይዋን መጋዝ ትከሻው ላይ አድርጎ መካኒኩ ቤት መጣ።

«አስነሣልኝ» አለው።

«ምን ልትቆርጥባት ነው?» አለ መካኒኩ ጮክ ብሎ።

«ምንም። ልሰማት ነው።»

መካኒኩ አልገባውም። ባልንጀራው ከአንድ የግንድ መቀመጫ ላይ አረፍ አለና ነገረው።

«አስካለ ሃያ ዓመት ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ይህቺን መጋዝ ስታዳምጥ ነው የኖረችው። ድምፁ ሲሰማት ‹አለ› ትላለች። ዝም ካለ ሥራዋን አስቀምጣ ትቆማለች። ማታ ስገባ ‹ዛሬ ከምሳ በኋላ ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው?› ትለኛለች፤ እኔ ለካ ሰንሰለት ስሞርድ ነበር። ወንድሜ፣ እኔ መጋዟን የሰማኋት ሁልጊዜ እጄ ላይ ይዣት ነው። ከሩቅ ሰምቻት አላውቅም። አንተ ዱሮ እቆርጥበት የነበረው ዳገት ላይ ወጥተህ አስነሣት። እኔ አስካለ ትቀመጥበት ከነበረው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ እሷ የሰማችውን ልስማ። አንድ ቀን ብቻ። ጆሮዬ እየተዘጋ ነው፤ ሳይዘጋ።»

መካኒኩ አለቀሰ። ከማንም በፊት የአንተን አደርሳለሁ ብሎ ማለለት። መሐላውም ከልቡ ነበር።

በእርግጥም ሌላውን ሥራ ሁሉ አቆመ። ሞተሩን በአንድ ወር ውስጥ አዳነው። ፒስተኑ ለቀቀ፣ ካርቡሬተሩ ጸዳ፣ ካንዴላው እሳት መርጨት ጀመረ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ጭሱንና ድምፁን የሚያስወጣው ማርሚታ በዝገት ተበልቶ እንደ ወንፊት ሆኗል፤ ቢበየድም የማይይዝ ነበር። መደርደሪያው ላይ በሁለት ብሎን ልክክ የሚል የሌላ መጋዝ ማርሚታ ነበረ። መካኒኩ ሞተሩን ለመሞከር ያህል ብቻ ያንን ገጠመው። በሁለተኛው ስበት ተነሣች። ግቢው ውስጥ ብቻውን ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጣት።

«ይህ የሷ ድምፅ አይደለም» አለ። አጠፋትና ማርሚታውን ፈታው።

እዚህ ላይ ቁም፣ አድማሱ። በዚያች ቀን መጋዟ ተነሥታለች። በዚያች ቀን ባልንጀራው ይሰማል። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው መንገድ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ሌላ ምንም አልጎደለም ነበር።

ቆራጩ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከገበያ ሲመለስ፣ በመካኒኩ ደጅ ብቅ ይላል። «ዛሬስ?» ይላል። «ገና ነው» ይለዋል መካኒኩ። አንድ ቅዳሜ ምክንያቱን ጠየቀው፤ መካኒኩም የማርሚታውን ነገር ነገረው።

«የሌላውን ግጠምላትና ትጩህ» አለ ቆራጩ። «እኔ ምን ገዶኝ፤ ብቻ ትጩህ።»

«አስካለ የሰማችው ይህንን አይደለም። የሌላ ድምፅ ሰጥቼ ላታልልህ?»

ቆራጩ የገበያ ዕቃውን አንሥቶ ሄደ። መካኒኩ የተናገረው እውነት ነበር፤ የነገሩም ክፋት እዚያ ላይ ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ አንዱ ይገሥጸው ነበር።

ማርሚታውን ፍለጋ ተጀመረ። ወደ ዋና ከተማ ለሚሄድ ሾፌር ናሙናው ተሰጠው፤ ሾፌሩ ባዶ እጁን ተመለሰ። በሌላ አውራጃ የተዘጋ መሰንጠቂያ መጋዘን ውስጥ አንድ አለ ተባለ፤ የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው ሰው ወደ ልጆቹ ዘንድ ሄዶ ነበር፣ እስኪመለስ ክረምቱ ገባ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ማርሚታው ተገኘ። የራሷ፣ ያልተነካ። መካኒኩ በደስታ ሰው ሰብስቦ አሳየ። ቆራጩም መጥቶ አየው። «ዛሬስ?» አለ። መካኒኩ ግን መጋዟን አገላብጦ ሲያያት፣ አዲሱ ማርሚታ በተላጠው ገላዋ ላይ አላማረለትም። እንዲህ ሆና ከምትወጣ ቀለሟም ይታደስ አለ። ቀለም ሲቀባ ደግሞ ቀዩ ያ የጥንቱ ቀይ አልሆነም፤ ፋቀው። የእጀታው ጎማም ተሰንጥቆ ነበር።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የቆራጩ ጆሮ አልጠበቀም። በመጀመሪያው ዓመት ጮክ ብለህ ብትናገር ይሰማሃል። በሁለተኛው ጆሮው ሥር መጠጋት ነበረብህ። በሦስተኛው ዓመት መካኒኩ ፊቱን ወደ ሥራው አዙሮ ስለ ቀለሙና ስለ ጎማው ሲያወራ፣ ባልንጀራው ከኋላው ቆሞ ለሁሉም ነገር «እሺ፣ እሺ» እያለ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። በዚያ ክረምት መብረቅ የቤተ ክርስቲያኑን ባሕር ዛፍ ለሁለት ሲሰነጥቀው ሰፈሩ በሙሉ ሲራወጥ፣ ቆራጩ ከቤቱ ወጥቶ «ምን ሆናችሁ ነው የምትሮጡት?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ሰው ሁሉ አወራው። መካኒኩም ሰማ። ግን ያን ሳምንት ትክክለኛውን ቀይ ቀለም ሲያፈላልግ ነበርና አላሰበበትም።

ቆራጩ ራሱ ቢሆን እንደማይሰማ ያውቃል። ነገር ግን አንድ እምነት ነበረው። «ሰው አልሰማም፣ ደወልም አልሰማም፤ መጋዜን ግን ሞቼም ቢሆን እሰማታለሁ» ይል ነበር።

መስቀል በዋለ በሳምንቱ መጋዟ አለቀች። እንዴት ያለች መጋዝ መሰለችህ! ከፋብሪካ የወጣችበት ቀን እንዲያ ማማሯን እጠራጠራለሁ። መካኒኩ በጠዋት ታጥቦ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ መጋዟን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ባልንጀራው ቤት ሄደ። ቆራጩ ሲያያት ሁለት እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከዚያ ገባና ኮቱን ለብሶ ወጣ፤ አስካለ ትቀመጥበት ከነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በእጁ ወደ ዳገቱ አመለከተ። ምልክት አልተሰጣጡም፤ ድምፁ ራሱ ምልክት ነው ብለው ነው።

መካኒኩ ዳገቱን ወጣ። ዱሮ ደን የነበረበት ቦታ አሁን ጉቶ ብቻ ነው። መጋዟን አንዱ ጉቶ ላይ አስደግፎ ገመዱን ሳበ። በሦስተኛው ተነሣች።

ያ ድምፅ ሸለቆውን ሞላው። ወንዝ የወረዱ ሴቶች ልብሳቸውን ትተው ቀና አሉ። ውሾች ጮኹ። ሽማግሌዎች ከየቤታቸው እየወጡ፣ «ይህቺማ የአስካለ ባል መጋዝ ናት» ተባባሉ፤ ያለቀሱም ነበሩ። የራሷ ድምፅ ነበር፣ አንድም ነገር ያልጎደለው። መካኒኩ ቁልቁል ሲያይ ባልንጀራው ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል፣ መዳፉን ከጆሮው ኋላ አድርጓል፣ አይንቀሳቀስም። ደስታው ነው ያፈዘዘው አለ በልቡ። ቤንዚኑ እስኪያልቅ ድረስ አስጮኻት።

ከዚያ ወረደ። ላቡ ሸሚዙ ላይ ተጣብቋል፣ ይስቃል። ባልንጀራው ከድንጋዩ ላይ ተነሥቶ ሁለት እርምጃ ተቀበለው፤ እጁንም ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

«አልነሣ አለችህ?» አለው።

መካኒኩ ቆመ።

«ምንም አይደለም ወንድሜ» አለ ቆራጩ። «አንተ የምትችለውን አድርገሃል። ሦስት ዓመት የለፋህላትን አይቻለሁ። እሷም እንደኛ አርጅታለች፤ ምን ታድርግ።»

መካኒኩ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። እውነቱ ግን «ተነሥታ ነበር፤ ያልሰማሃት አንተ ነህ» የሚል ነው። ባልንጀራው ዓይኑን ከንፈሩ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። ከኋላ ጎረቤቶች «ሰማህ ወይ? ሰማሃት?» እያሉ እየሮጡ መጡ። መካኒኩ እጁን ወደ ኋላው ዘርግቶ ዝም አሰኛቸው። ከዚያ ፊቱን ወደ ባልንጀራው መለሰና ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። አልነሣችም።

በሕይወቱ ሳትነሣ ከእጁ የወጣች አንዲት መጋዝ የሌለችው ሰው፣ በጣም ያማረችውን መጋዙን አልነሣችም አለ። ኃጢአት ይሁን ጽድቅ እኔ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቱ ልተወው። ቆራጩ ግን እጁን ይዞ ወደ ቤት አስገባው። ጠላ ቀዳለት። «እኔ ከሩቅ ባልሰማትም እሷ በሕይወቷ ሳለች ሰምታታለች፤ ይበቃል» አለው። ሊያጽናናው ነው እንግዲህ።

በዓመቱ ቆራጩ ሞተ። ሰፈሩ ሁሉ ምሥጢሩን ጠብቆለት፣ መጋዜ ከአስካለ ጋር ሞታለች ብሎ እያመነ ሞተ። መካኒኩ ከዚያ ወዲህ ገመድ ስቦ አያውቅም። መጋዞቹ መደርደሪያው ላይ አሉ፤ ቀይዋ ከመካከላቸው አለች። አቧራ ለብሰዋል። ይህን ሁሉ የነገረኝ ራሱ ነው። ሲነግረኝ ስለዚያች የመጨረሻ ቀን አላለቀሰም። ያለቀሰው ስለዚያች የመጀመሪያ ቀን፣ በሌላ ማርሚታ ግቢው ውስጥ ብቻውን ስላዳመጣት ቀን ሲነግረኝ ነው። «ያኔ ሮጬ ብወስድለት ምን ነበረበት?» አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ግን ፊት ለፊቱ እንዲህ ልለው አልደፈርኩም።

እንግዲህ አድማሱ፣ ከመካኒኩ ጋር ተከራከርና እርታው። አትችልም፤ እሱ ራሱ ተረትቶ ተቀምጧል።

ነገሩ ላንተ ነው። አንተ መካኒኩ ነህ። ይቅርታህ ልብህ ውስጥ ከተነሣ ቆይቷል፤ ባይነሣማ እኔ ዘንድ አትመጣም ነበር። ብቻህን ታዳምጠዋለህ፤ ከዚያ «ገና ነው፣ አልተሟላም» ብለህ ታጠፋዋለህ። ቤቱ፣ ሙክቱ፣ የተመረጡት ሽማግሌዎች፣ እነዚህ ማርሚታዎችህ ናቸው። ያማሩ ናቸው፤ አልነቅፋቸውም። ግን ማን ጠየቀህ? እህትህ ሁለት ጊዜ «ይምጣ ብቻ በሉት» ብላ ልካብሃለች፤ ራስህ ነህ የነገርከኝ። «ሙክት ይዞ ይምጣ» አላለችም። ከፋሲካ ወዲህ ታማ ከቤት እንደማትወጣም ነግረኸኛል። ይህን የነገርከኝ እንደ ቀላል ነገር፣ ስለ ቤትህ ጣሪያ በምታወራበት መካከል ጣል አድርገህ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ስለ ጣሪያው ያልከው አልተሰማኝም።

ሌላም ነገርከኝ። ሰው ስላንተ ሲጠይቃት «ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ወንድሜ አይረሳኝም» ትላለች አልክ። አንተ ይህ ተስፋ ሰጠህ፤ እኔን አስፈራኝ። ቆራጩ ከድንጋዩ ተነሥቶ «አልነሣ አለችህ?» ያለው እንዲሁ ነው። የሚወዱን ሰዎች ስንዘገይባቸው ምክንያት ይፈጥሩልናል። ምክንያቱን ደጋግመው ደጋግመው ሲያምኑት ደግሞ፣ እኛ ብንመጣም እነሱ የማይሰሙበት ቀን ይመጣል። ያ ቀን ለእህትህ መጥቶ እንደሆነ አላውቅም። በጊዜ እንደምትደርስም ቃል አልገባልህም።

አባቶቻችን ለይቅርታ ድንጋይ ተሸክሞ መሄድን ነው ያስተማሩን። ሙክትና ጣሪያ አላሉም። ድንጋይ ያሉት ለምን ይመስልሃል? ድንጋይ የማይገኝበት መንገድ ስለሌለ ነው። አሁን ተነሣና ሂድ። ከዚህ በር ስትወጣ መጀመሪያ ያገኘኸውን አንሣ፤ አትምረጥ።